ፕሮቲን እንዴት ይታጠፋል? የተበላሸውስ የት ይሄዳል?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ የርእሰ መምህር ገጽ ብዙ ጊዜ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ፈተና ውጤት ነው። ዘንድሮ ያንን ትቼ ትምህርት ልጽፍበት ወሰንሁ። ምክንያቴ አንድ ያለብኝ ዕዳ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን በሌሉበት ቀን ተክቼ ክፍል ገብቼ ነበር፤ አንድ ተማሪ ጠየቀኝ፤ እኔም የተሳሳተ መልስ ሰጠሁት። ልጁና ወላጆቹ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸው ግን አይጻፍም።

የልጁ አባት የአርባ ምንጭ ሰው ናቸው፤ እናቱ ደግሞ ከኪሱሙ፣ ከሐይቁ ዳር። በእረፍት ጊዜ አያቱን ሊጠይቅ ወደ አርባ ምንጭ ሄዶ ተመለሰ። ከተመለሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያዘው፤ ሲመረመርም ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ተገኘበት። እኛ ናይሮቢዎች ከፍታ ላይ ስለምንኖር ወባን እንረሳዋለን፤ ኬንያ ውስጥም ቢሆን የተለመደው ፋልሲፓረም የሚባለው ነው። ቫይቫክስ ግን በኢትዮጵያ ብዙ አለ፤ ክፋቱም ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከወራት በኋላ እንደገና መነሣቱ ነው። የተኛውን ለመግደል ፕሪማኪን የሚባል ክኒን ይሰጣል። ለልጁም ተሰጠው።

በአራተኛው ቀን ፈተና ላይ ነበርን። ልጁ ወደ ቢሮዬ መጥቶ «ጋሼ፣ በጣም ደክሞኛል፤ ወደ ቤት ልሂድ» አለኝ። ዓይኑ ቢጫ ብሎ ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ መስሎኝ «የሒሳቡን ፈተና ጨርስና ትሄዳለህ» ብዬ መለስሁት። በማግስቱ ጠዋት እናቱ ደወሉልኝ፤ ሽንቱ ኮካኮላ መስሏል፤ ሆስፒታል ናቸው። አያትየው በስልክ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ነበር አሉ። አገር ቤት ዓይን ቢጫ ሲሆን የምንለው ነው፤ ምልክቱን በትክክል አይተዋል። ሐኪሞቹ ፕሪማኪኑን አስቆሙ፤ ደሙ በጣም ወርዶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ።

ከዚያ ተመልሶ ሲመጣ ነው ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣው። «ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ጉድለት አለብህ አሉኝ። ሰውነቴ ኢንዛይሙን አይሠራውም ማለት ነው?» እኔም «አዎ፣ አይሠራውም» አልሁት። ስሕተት ነው። ሰውነቱ ይሠራዋል። የሠራው ግን አይቆይለትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ለመረዳት ከእንቁላል እንጀምር።

ጥሬ እንቁላል ስትሰብሩ ነጩ ክፍል በእርግጥ ነጭ አይደለም፤ እንደ ውኃ ያሳያል። ድስት ላይ ሲያርፍ ይነጣል፤ ይጠነክራል። ምንም አልተጨመረበትም፤ ምንም አልተቀነሰለትም። ለዶሮ ወጥ የቀቀላችሁትን እንቁላል ማቀዝቀዣ ብታስገቡት ደግሞ ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። ለምን?

ነጩ ክፍል ውኃና ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትናንሽ ቅንጣቶች እንደ ጨሌ በክር ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የቅንጣቶቹ ዓይነት 20 ነው፤ ቅደም ተከተላቸውን የሚወስነው ጂናችን ነው። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቶ አይኖርም፤ ይጠማዘዛል፤ ይታጠፋል፤ የራሱ ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጽ ነው። እናቶቻችን አንዱን ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶና ለጓዳ ሥራ በተለያየ መንገድ እንደሚለብሱት አስቡ፤ ጨርቁ አንድ ነው፤ የሚናገረው አለባበሱ ነው። እንቁላሉ ሲሞቅ እጥፋቱ ይፈታል፤ የተፈቱት ክሮች እርስ በርሳቸው ይተበተባሉ። የነጣው ነገር ይህ ትብትብ ነው። የተተበተበ ክር ደግሞ ስለቀዘቀዘ ብቻ አይፈታም።

ታዲያ ሰንሰለቱ እንዴት መታጠፍ እንዳለበት የሚነግረው ማን ነው? አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን ይህን የመረመረው 124 አሚኖ አሲዶች ባሉት በአንድ ትንሽ ኢንዛይም ላይ ነው። በኬሚካል ፈታው፤ ኢንዛይሙም ሥራ አቆመ። ኬሚካሉን ቀስ ብሎ ሲያስወግድ ሰንሰለቱ ማንም ሳይነካው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመለሰ፤ ሥራውንም ቀጠለ። የቅርጹ መመሪያ በቅንጣቶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ አለ ማለት ነው። በ1972 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የአንፊንሰን ብልቃጥ ግን ሰፊ ነበር። ሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፋት የለም፤ ማታ 11 ሰዓት ላይ ከመሀል ከተማ የሚነሣ ማታቱ ነው። ገና ያልታጠፈ ሰንሰለት ውኃ የሚጠሉ ክፍሎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ያገኙት ላይ ይለጠፋሉ። ስለዚህ ሕዋስ ረዳቶች አሉት። ስማቸው ሻፐሮን ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ «ሚዜ» እላቸዋለሁ። ሚዜ ሙሽራውን አያገባም፤ ቤቱንም አይሠራለትም፤ በግርግር መካከል ከማይሆን ነገር ጋር እንዳይጋጭ አጅቦ ያደርሰዋል እንጂ። ሻፐሮንም እንዲሁ ሰንሰለቱን ይይዛል፤ ከሌላው ይከልለዋል፤ ሲታጠፍ ይለቀዋል፤ ራሱ የመጨረሻው ፕሮቲን አካል አይሆንም። ከሚዜዎቹ አንዱ ዓይነት በርሜል መሰል ነው፤ ያልታጠፈውን ፕሮቲን እንደ ሞሰብ ውስጡ አስገብቶ ይከድነዋል፤ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻውን እንዲታጠፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ሞሰብ እንዴት እንደሚሠራ በ1989 ያሳዩት ኡልሪክ ሃርትልና አርተር ሆርዊች ናቸው።

እግረ መንገዴን አንድ ልጨምር። ከሚዜዎቹ ብዙዎቹ «የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲን» ይባላሉ። ስሙ የመጣው ጣሊያን ውስጥ ፌሩቾ ሪቶሳ ከሚባል ተመራማሪ ነው፤ የፍራፍሬ ዝንቦቹ ያሉበት ሣጥን ሙቀት በስሕተት ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ሲያያቸው አንዳንድ ጂኖቻቸው በኃይል መሥራት ጀምረዋል። በ1962 አሳተመው። ሙቀት እጥፋትን ስለሚፈታ ሕዋሱ ሚዜ እየጠራ ነበር። እናንተም ትኩሳት ሲይዛችሁ ሕዋሶቻችሁ ይህንኑ ያደርጋሉ። በፈተናችሁ ቀን «በስሕተት የተበላሸ ሙከራ» ብላችሁ ማስታወሻችሁን ከመቅደዳችሁ በፊት ሪቶሳን አስቡ።

ሚዜም እያለ የሚበላሽ አለ። ናይሮቢ ውስጥ መንገድ ሊሰፋ ሲል በሚፈርሱት ግንቦች ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ሲደረግ አይታችኋል፤ አዲስ አበባ ያደጋችሁ ወላጆችም ታውቁታላችሁ። ሕዋስም እንደዚሁ ምልክት አለው። ዩቢኩዊቲን ይባላል፤ እርሱ ራሱ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው። መወገድ ያለበት ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ አይበቃም፤ በላዩ ላይ ሌላ እየተቀጠለ ሰንሰለት ይሆናል። ያ ምልክት ያለበት ፕሮቲን ፕሮቲአሶም ወደሚባለው ወፍጮ ይገባል። የወፍጮው ጉሮሮ ጠባብ ነው፤ የታጠፈ ነገር አያልፍበትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይፈታል፣ ከዚያ ይቆራረጣል። ዩቢኩዊቲኑ ግን አይፈጭም፤ በሩ ላይ ተነቅሎ ለሌላ ጊዜ ይቀመጣል። ከተቆራረጠውም አሚኖ አሲዱ ተለቅሞ ለአዲስ ፕሮቲን ይውላል። የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ያገኙት እስራኤል አገር ሃይፋ ውስጥ የነበሩት አቭራም ሄርሽኮና አሮን ቺካኖቨር፣ ከአሜሪካዊው ኧርዊን ሮዝ ጋር ሆነው ነው፤ በ2004 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የገረማቸው ነገር ማፍረስ ጉልበት መጠየቁ ነበር። ሆዳችን ሥጋ ሲፈጭ ያን ያህል ኃይል አያወጣም፤ ሕዋስ ግን የራሱን ፕሮቲን ለማስወገድ ኃይል ይከፍላል። የሚከፍለውም ለመምረጥ ነው፤ ያለ ምርጫ የሚያፈርስ ሕዋስ ራሱን ይበላል። ልብ በሉልኝ፤ ምርመራቸውን ያካሄዱት ከጥንቸል በተወሰዱ ወጣት ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ነው። ወደ ልጃችን የምንመለሰው በዚህ በኩል ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ በመቅኒ ውስጥ ሲወለድ እንደሌሎቹ ሕዋሳት ሙሉ ነው። ሲጎለምስ ግን ለሄሞግሎቢን ቦታ ለማስፋት ኒውክሊየሱን ይጥላል፤ ፕሮቲን የሚሠራባቸውን ራይቦሶሞችም ያጣል። ከዚያ በኋላ 120 ቀን ያህል በደም ሥር ይዞራል። በነዚህ ቀናት አንዲት አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። ስንቁን ቋጥሮ ከቤት እንደወጣ መንገደኛ ነው፤ የያዘው ካለቀ አለቀ፤ ወጥ ቤት የለውም።

ከያዘው ስንቅ አንዱ ጂ6ፒዲ ነው። ሰንሰለቱ 515 አሚኖ አሲዶች አሉት። ሥራው ቀይ ሕዋሱን እንዳይዝግ መጠበቅ ነው ብላችሁ ያዙት። ቀይ ሕዋስ ቀኑን ሙሉ ኦክስጅን ተሸክሞ ይዞራል፤ ኦክስጅን ደግሞ ብረትን እንደሚያዝግ ሁሉ ፕሮቲንንም ይጎዳል። ጂ6ፒዲ ይህን የሚከላከለውን ኃይል ያዘጋጃል። እርሱ ከሌለ ሄሞግሎቢን ይጎዳል፣ እጥፋቱ ይፈታል፣ ተለጣጥፎ እብጠት ሆኖ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ይህ እንግዲህ የእንቁላሉ ነገር ነው፤ ያለ እሳት በሕዋስ ውስጥ የተቀቀለ ፕሮቲን። እንዲህ የሆነውን ሕዋስ ጣፊያ ይይዘዋል፤ ሌላው በደም ሥር ውስጥ እንዳለ ይፈነዳል፤ ሽንት የሚጠቁረውም ከፈነዳው በወጣው ሄሞግሎቢን ነው።

በአፍሪካ በብዛት የሚገኘው ለውጥ «ኤ ማይነስ» ይባላል። ከ515ቱ ውስጥ ሁለት ቅንጣቶች ብቻ ተለውጠዋል፤ 68ኛውና 126ኛው። ኢንዛይሙ ይሠራል፤ ታጥፎ ሥራም ይጀምራል። እጥፋቱ ግን ጠንካራ አይደለም፤ ቶሎ ይፈታል። መደበኛው ጂ6ፒዲ በቀይ ሕዋስ ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ62 ቀን ገደማ ነው፤ ኤ ማይነስ ግን በ13 ቀን ገደማ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ እርሳስ ያዙ። 65 ቀን የሞላው ሕዋስ ስንት ይቀረዋል? 65 ለ13 ሲካፈል 5 ነው፤ አምስት ጊዜ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ የቀረው 1/32ኛ፣ ማለትም ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። መደበኛው በዚያው ዕድሜ ግማሽ የሚጠጋ አለው። ሌላ ሕዋስ ቢሆን የተበላሸውን አስወግዶ አዲስ ይሠራል፤ እንዲያውም ይህ ጉድለት ያለበት ሰው ጉበትም አንጎልም ደኅና የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀይ ሕዋስ ግን የሚተካበት የለውም። ልጄ፣ ያኔ ልመልስልህ የሚገባኝ ይህ ነበር። ወጣት ሕዋሶችህ በቂ አላቸው፤ የጎደለባቸው አሮጌዎቹ ናቸው።

ይህን ዕውቀት ያገኘንበት መንገድ ግን ንጹሕ አይደለም። ፕሪማኪን የአንዳንድ ሰዎችን ደም እንደሚሰብር የተጠናው በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በስቴትቪል እስር ቤት፣ በእስረኞች ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ በጨረር ምልክት እያደረጉ የሚፈርሱት አሮጌዎቹ ሕዋሳት መሆናቸውን አሳዩ፤ በ1956 ደግሞ ምክንያቱ የጂ6ፒዲ ማነስ መሆኑ ታወቀ። ሳይንሱ ትክክል ነው፤ ዛሬ ልጆቻችንን ያድናል። እስረኛ ግን «አልፈልግም» የማለት ነፃነቱ ምን ያህል ነው? ይህንን የ12ኛ ክፍል የክርክር ቡድን ቢወስደው ደስ ይለኛል።

ወደራሳችን አካባቢ ስንመጣ አንቶኒ አሊሰንን እናገኛለን። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ እዚህ ኬንያ ያደገ ነው። በ1949 በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ተመልሶ መጥቶ በየአካባቢው የሰዎችን ደም መረመረ፤ ማጭድ መሰል ሕዋስ የሚያስከትለው ጂን በባሕሩ ዳርቻና በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ብዙ ሆኖ፣ በደጋው ጥቂት ሆኖ አገኘው። ካርታው የወባን ካርታ ይመስል ነበር። በ1954 ጂኑ ከወባ እንደሚከላከል አሳተመ። በ1960 ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካውያን ደም ውስጥ ስላለው የጂ6ፒዲ ጉድለት ጻፈ። ወባ ባለበት ምድር ይህ ለውጥ የበዛው በአጋጣሚ አይደለም። እዚሁ ኬንያ ከኪሊፊ በ2015 የወጣ ጥናት ከከባድ ወባ መከላከሉ ጎልቶ የታየው አንድ መደበኛና አንድ የተለወጠ ጂን ባላቸው ልጃገረዶች ላይ መሆኑን አሳይቷል።

ይህን የምለው ለልጁ እናት ጭምር ነው። ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ ይህንን ሲነግሯቸው አልቅሰው ነበር። በሐይቁ ዳር ያሉ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከወባ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረው ልጅ ያሳደጉበት ደም ነው፤ ማንም ያጠፋው ነገር የለም። በኢትዮጵያ ደጋ ጉድለቱ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ «እኛን አይመለከተንም» የምትሉ ወላጆች ትኖራላችሁ። እኛ ግን እዚህ ተጋብተናል፤ ተዋልደናል፤ ቆላም ደጋም አለን፤ ልጆቻችን በየእረፍቱ ወባ ወዳለበት ይጓዛሉ። በዓለም ላይ ጉድለቱ ያለበት ሰው ወደ 400 ሚሊዮን ይገመታል።

ስለ ባቄላም ልናገር፤ ወላጆች ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ እርሱን ነው። ባቄላ ውስጥ ያሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሆድ ውስጥ ሲለወጡ ልክ እንደ ፕሪማኪኑ ቀይ ሕዋስን ያዝጋሉ። በተለይ በሜዲትራኒያን አካባቢ ያለው ከባዱ ዓይነት ጉድለት ያለበት ሕፃን እሸት ባቄላ በልቶ ለሞት ሊደርስ ይችላል። ኤ ማይነስ ቀለል ያለ ነው፤ ይሁንና ከስጋት ነፃ አይደለም። በዐቢይ ጾም ያለ ፉልና ያለ እልበት እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ ሽሮው ከሽምብራ ወይም ከአተር ብቻ ይሁን እንጂ ሽሮ አልተከለከለም። ገበያ የተፈጨውን ሽሮ ግን ጠይቁ፤ ባቄላ ይቀላቀልበታልና።

አሁን ደግሞ ሐኪም ያልሆንሁት እኔ ከሐኪሞቹ የተማርሁትን አንድ ነገር ላካፍል። ልጁ ሆስፒታል በገባ ሰሞን የተደረገለት የኢንዛይም ምርመራ «መደበኛ ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር። አባቱ ግራ ተጋቡ። እስካሁን ያነበባችሁ ተማሪዎች መልሱን ራሳችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ፤ አሮጌዎቹ ሕዋሳት ፈርሰዋል፤ መቅኒው በጥድፊያ የላካቸው ወጣቶች ደግሞ ኢንዛይሙ ገና አልተፈታባቸውም። ምርመራው የቆጠረው የቀሩትን ነው። ስለዚህ ሦስት ወር ያህል ቆይተው እንዲደግሙት ተነገራቸው፤ ሲደገም ጉድለቱ በግልጽ ታየ። ልጃችሁ ፕሪማኪን ከታዘዘለት ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት «የጂ6ፒዲ ምርመራ ተደርጓል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክኒኑን በራሳችሁ አትከልክሉ፤ የተኛውን ወባ የሚገድል መድኃኒት ነው፤ ጉድለት ላለበትም ሐኪም በተለየ መጠንና በቅርብ ክትትል የሚሰጥበት መንገድ አለ። ለሴቶች ልጆችም ጠይቁ፤ ሁለት ኤክስ ስላላቸው ከሕዋሶቻቸው ገሚሱ ደኅና፣ ገሚሱ ጉድለት ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ፈጣኑ ምርመራም አንዳንዴ ያልፋቸዋል።

ከመጪው ዓመት ጀምሮ በመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ ከአስምና ከአለርጂ ቀጥሎ «ጂ6ፒዲ» የሚል መስመር ይኖራል። ነርሳችን ዝርዝሩን ትይዛለች። መምህራን ደግሞ ዓይኑ ቢጫ ያለ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ልጅ ወደ ቤት ልሂድ ካለ፣ ፈተና ቢኖርም ባይኖርም፣ ያኑ ሰዓት ይላካል፤ ወላጁም ይጠራል። ልጁ የመጀመሪያውን ፈተናውን በኋላ ተቀምጦ በሒሳብ 81 አምጥቷል። ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት እንዲያነበው ሰጥቼው ነበር፤ አንድ እርማት ብቻ ነው ያደረገልኝ፤ «ጋሼ፣ ደክሞኛል ብቻ አይደለም ያልሁት፤ ልቤም ይመታል ብዬዎት ነበር።» ትክክል ነው፤ ብሎኝ ነበር።